ኧረ ይተውት፣ በዚህ ዕድሜዎ!

ስልሳን የተሻገረ ሰው ከእኩዮቹ ጋር ራስ ደጀንን ሊወጣ ነው ሲባል ከየአቅጣጫው የሚመጣው መልስ አንድ ዓይነት ነው። ወንዱ ልጅ «አባዬ፣ ምን ጎደለብህ?» ይላል። ጎረቤት «ኧረ ይተውት ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ!» ትላለች። ሐኪሙ ግፊት ይለካና፣ ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሳለ፣ «ለማንኛውም ራስዎን ባያደክሙ ይሻላል» ብሎ ያሰናብታል። ሜሪላንድ ያለችው ልጅ ሌሊት ደውላ ታለቅሳለች። የእድሩ ገንዘብ ያዥ እንኳ፣ ለቀልድ ያህል፣ የወሩ መዋጮ መከፈሉን ያጣራል። ሁሉም የሚወዱን ሰዎች ናቸው። ሁሉም ተሳስተዋል።

ስህተታቸው ከፍቅር ስለሚመነጭ ለክርክር አይመችም። ለምታለቅስ ልጅ ማስረጃ አይደረደርላትም፤ «እሺ የኔ ልጅ» ተብሎ ቤት ይዋላል። እንዲህ እየተባለ ነው ስንቱ ጤነኛ ሰው 60 ዓመት ሲሞላው ከመሥሪያ ቤቱ ብቻ ሳይሆን ከገዛ እግሩም ጡረታ የሚወጣው። እኔ ዛሬ እሺ አልልም።

እስቲ መጀመሪያ ጭንቀቱ የጉልበትና የሳንባ ነው የሚለውን እንፈትሽ። እውነት እሱ ቢሆን ኖሮ ከእንጦጦ በጀመርን ነበር። የባሕር ዛፍ እንጨትና ቅጠል ጀርባቸው ላይ አዝለው፣ ወገባቸው ለሁለት ታጥፎ ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶችን ስናይ ኖረናል። ከመካከላቸው የልጅ ልጅ ያዩ አሉ። ሸክሙ ጎረምሳ የሚያጎብጥ ነው። መኪናችንን ጠጋ አድርገን አሳለፍናቸው እንጂ፣ «እማማ፣ በዚህ ዕድሜዎ!» ብሎ ሊያስቆማቸው የወረደ ሰው አላየሁም።

ወደ አምባሰል እንሂድ። መስከረም 21 ቀን ግሸን ደብረ ከርቤን ለመሳለም ዳገቱን ከሚወጡት መካከል ስንቱ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ፣ ስንቷ ነጠላዋን ያጣፋች አሮጊት ናት? ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋውን ዝቋላን በጥቅምትና በመጋቢት አቦ የሚወጡትም እንደዚያው። ደብረ ዳሞ ላይማ መንገድ የሚባል ነገርም የለ፤ አሥራ አምስት ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ገደል በጠፍር ተንጠልጥሎ ነው። ጺማቸው የነጣ መነኮሳት በዚያ ሲወጡና ሲወርዱ ኖረዋል። ሐጅ የደረሳቸው አባቶችና እናቶች በዚያ ሙቀት ስንት መንገድ በእግር እንደሚሄዱ የተመለሰ ሰው ይንገራችሁ።

ተሳልሞን ከሽርሽር ጋር እኩል እያደረግሁ አይደለም። ሳንባ ግን ስለት አያውቅም። ዳገት ላይ የሚመታው ያው ልብ፣ ቁልቁለት ላይ የሚያመው ያው ጉልበት ነው። ለአምላኩ የወጣ ሽማግሌ ይመረቃል። ለእንጀራ የወጣችውን አሮጊት ዓይናችን ለምዷት አናያትም። ከጓደኞቹ ጋር ደስ ብሎት ሊወጣ የተነሳው ግን «ምን ነካው?» ይባላል። እንግዲህ የተከለከለው ዳገቱ አይደለም፤ ደስታው ነው። አርጅቶ መድከም ወግ ነው፤ አርጅቶ መፈንደቅ ግን አንዳች ነውር ያለበት ይመስላል።

ለሽማግሌ ያስቀመጥንለትን የሥራ ድርሻ ልብ በሉ፤ ያስታርቃል፣ ይመርቃል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት ያመጣል፣ ቤት ይጠብቃል። እነዚህ ሁሉ ክቡር ሥራዎች ናቸው፤ አንዳቸውም ግን የእሱ አይደሉም። ለራሱ የተተወለት አንድ ነገር ቢኖር ዕረፍት ነው፤ ዕረፍት ስንል ደግሞ ወንበር ማለታችን ነው። ወንበር ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ጡንቻ ካልሠራበት ይሟሽሻል፣ አጥንት ሸክም ካላገኘ ይሳሳል፣ ስኳሩም ግፊቱም ከተቀመጠ ሰው ጋር ይስማማሉ። «አርፈው ይቀመጡ» የሚለው ምክር አደጋ የሌለበት የሚመስለው ወንበር ላይ የሚመጣው ሞት ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ብቻ ነው። ማንም ወንበሩን አይከስስም።

ዛሬ ሰባ አካባቢ ያለው የእኔ ዘመን ሰው በዚህ ነገር የተለየ ቂም አለው። ወጣት ሳለን ተራራ የሚወጣው ለመዝናናት አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪውን በየገጠሩ በትኖታል፤ ብዙዎች ዳገትና ቁልቁለትን በቅጡ ያወቁት ያኔ ነው፤ ደብተርና መፈክር ይዘው። ከዚያ ዓመት ሁለት ዓመት ሳይቆይ ተራራ መግባት ማለት መሸፈት ሆነ። አሲምባ የሚለው ስም ለእኛ የመልክዓ ምድር ትምህርት አይደለም፤ ሄዶ ያልተመለሰ ጓደኛ ነው። ሌላው በሱዳን በኩል ሲወጣ በሌሊት ያለፈው ተራራ አለ፤ ቀና ብሎ አላየውም፤ ድንጋይ እንዳያንከባልል ሲጠነቀቅ አለፈ። ይህ ትውልድ ወጣትነቱን ለተራራ ከፍሎ ተራራን አላየም። አሁን፣ ልጅ አሳድጎ፣ ዕዳ ከፍሎ፣ ጉልበቱ እንደነገሩም ቢሆን እያለ፣ ጭላዳ ሣር ሲነጭ ቁጭ ብዬ ልይ ቢል «ምን ጎደለብህ?» ይባላል። የጎደለው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሕክምናው እንምጣ፤ ከ«ሐኪም ከልክሎኛል» ጀርባ የሚሸሸግ ብዙ ሰው አለና። ከፍታ የሚጎዳው አየሩ ስለሚሳሳ ነው። 4,500 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚገባው ግማሽ ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ሰውነት ይህን ለመልመድ ቀናት ይፈልጋል። ጊዜ ከተነፈገ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ይመጣሉ፤ ሲብስ ሳንባ ውሃ ይቋጥራል ወይም አንጎል ያብጣል፤ ያ ይገድላል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ይናገረዋል። የማይነገረው፣ ወጣትነትም ሆነ የዳበረ ጡንቻ ከዚህ ሕመም የማይጋርድ መሆኑ ነው። በየማለዳው አሥር ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ጎረምሳ ተዝለፍልፎ ሲወድቅ ጡረተኛ አጎቱ ደህና ሊያድር ይችላል። ወሳኙ ነገር ከየት ከፍታ ተነስተህ፣ በምን ፍጥነት ወጣህ የሚለው ነው፤ ከዚያ ላይ ደግሞ ማንም አስቀድሞ የማያውቀው የየሰዉ ተፈጥሮ አለ።

ከየት ተነስተህ በሚለው እኛ ታድለናል። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከአምስተርዳም ትናንት የገባ ወጣት ሳንቃበር ሰፈር፣ 3,250 ሜትር ላይ ራሱን ይዞ ሲያቃስት፣ ዕድሜ ልኩን ኮተቤ የኖረ ሽማግሌ ሽሮውን በልቶ ይተኛል። ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት የአንትሮፖሎጂ ሊቅና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰሜን ተራሮች ላይ በ3,530 ሜትር የሚኖሩ አማሮች በሄሞግሎቢናቸውም ሆነ በደማቸው በሚገኘው ኦክስጅን ባሕር ወለል ላይ ከሚኖር ሰው ብዙ እንደማይለዩ ጽፈዋል። ያ ፀጋ ለቦሌ ነዋሪ ሁሉ ተከፋፍሏል ማለቴ አይደለም። ግን ሰሜን ተራሮችን የረገጠ ሰው በዓይኑ ያየው ነገር አለ፤ እኛ በመሣሪያና በጫማ ተጨንቀን የምንወጣበትን መንገድ የአካባቢው እናቶች በጎማ ጫማ ገበያ ውለው ይመለሱበታል። ሰላምታ ሲሰጡን እንኳ ትንፋሻቸው አይቆራረጥም። እኛን የሚያስደንቀን ዕድሜያቸው ሳይሆን ፈገግታቸው መሆኑ አንድ ነገር ይናገራል።

ዕድሜ ምንም አይወስድም የሚል ካለ ከእኔ ጋር አይደለም። ልብና ሳንባ ለጡንቻ የሚያደርሱት የኦክስጅን ከፍተኛ መጠን ለማይንቀሳቀስ ሰው ከሠላሳዎቹ ወዲህ በየአሥር ዓመቱ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ጉልበት ያረጃል፤ በተለይ ቁልቁለት ላይ። ብርድ ቶሎ ይገባል። ሌሊት ሦስት ጊዜ ከድንኳን የሚያስወጣ ጉዳይ አለ፤ በዝርዝር አልገባበትም። ይህ ሁሉ ተደምሮ አንድ ውጤት ይሰጣል፦ ቀስ ትላለህ። ቀስ ማለት ደግሞ ከፍታ ከሰው የሚጠይቀው ዋና ነገር ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ማደሪያህን በቀን ከ500 ሜትር በላይ አታሳድግ፣ በየሦስትና አራት ቀኑ እረፍ የሚለው የተራራ ሕክምና ደንብ ለወጣት ቅጣት ነው፤ ለእኛ ግን ምቾት። ወጣቱ በአራት ሰዓት የሚጨርሰውን በሰባት ሰዓት የጨረሰ ሽማግሌ የተሸነፈ ይመስላቸዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ግን ተራራ ላይ ከማንም በላይ የሚያረጋግጠው ራሱን ይዞ የተቀመጠው ወጣት ነው።

ኪሊማንጃሮን ተመልከቱ። 5,895 ሜትር ነው፤ ገመድና መንጠቆ አይጠይቅም፤ ከዓለም ዙሪያ ብዙ ሺህ ሰው በየዓመቱ ይሞክረዋል። ፓርኩ የሚያስከፍለው በቀን ስለሆነ ርካሹ ጉዞ አጭሩ ነው፤ አጭሩ ደግሞ ብዙ ሰው ታሞ የሚመለስበት ነው። በአምስት ቀን ወጥቼ ልውረድ የሚለው ማን ነው? የዓመት ፈቃዱ የሚያልቅበት፣ ሰኞ ቢሮ የሚጠበቅ ሰው። ጡረተኛ ግን ቀን አለው። በወጣትነታችን ያልነበረን፣ በገንዘብም የማይገዛ፣ ተራራ የሚፈልገው ስንቅ ጊዜ ነው፤ እሱ እጃችን ላይ ሲደርስ ነው እንግዲህ «ጊዜህ አልፏል» የምንባለው።

«ካማራችሁማ በመኪና ሂዱ» የሚሉ አስታራቂዎችም አሉ። ባሌ ላይ ይቻላል። የሳነቴ አምባን የሚያቋርጥ መንገድ አለ፤ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስም መኪና ይወጣል። ከሐረና ጫካ ግርጌ ተነስቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ 4,000 ሜትርን ማለፍ ግን ለሰውነት ከእግር ጉዞ የባሰ ድንገተኛ ነው። ቶሎ ወርዶ መሄዱ ያድነዋል እንጂ፣ እዚያ ልደር ቢል የሚከፍለው መኪናው አይደለም። ለሽማግሌ የታዘዘው ምቾት ለሽማግሌ የማይስማማው መሆኑን ያየሁት በዚህ ብቻ አይደለም፤ ግን ይህ ግልጹ ነው።

አሁን ስለ ጓደኛ። ከጓደኛ ጋር መሄድ የጉዞው ማጣፈጫ ተደርጎ ይወራል። እኔ ግን የደኅንነቱ ዋና መሣሪያ ነው ባይ ነኝ። በከፍታ የታመመ ሰው ብዙ ጊዜ መታመሙን አያውቅም፤ ቢያውቅም ይደብቃል። አንጎል ማበጥ ሲጀምር የሚታየው ምልክት እንደ ሰካራም መንገዳገድ፣ ግራ መጋባት፣ ከሰው መራቅ፣ ዝም ማለት ነው። አስጎብኚ ይህን በባዕድ ሰው ላይ እንዴት ይለየዋል? ሰውየው በተፈጥሮው ዝምተኛ ይሆን? ሁልጊዜም እግሩን ይጎትት እንደሆነስ? የአርባ ዓመት ጓደኛ ግን ያውቃል። ከእኛ መካከል አንዱ ስለ 1966ቱ አብዮት ሳይከራከር እራት በልቶ የማያውቅ ነው። ጨነቅ በሚባለው የሰሜን ተራሮች ሰፈር አንድ ምሽት ሌላው ሆነ ብሎ የማይረባ ነገር ተናግሮ ሲጎነትለው ዝም አለ። ሾርባውንም ገፋው። ማንም «አይዞህ» አላለውም። በማግስቱ ወደ ቧሂት ተራራ የሚወጣው ጉዞ ቀረና እሱን ይዘን ዝቅ ወዳለው ሰፈር ወረድን። ከሰዓት በኋላ ላይ «ያ ትናንት ያላችሁት ነገር ስህተት ነው» ብሎ ሲጀምረን ነው የዳነ መሆኑን ያወቅነው። የጣት ኦክስጅን መለኪያችን ያን ያህል አልነገረንም።

ወጣቶች በቡድን ሲወጡ አንዱ ሌላው ፊት ደካማ ላለመምሰል ይሞታል፤ ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር ብቻ አይደለም። እኛ ዘንድ ያ ኩራት ገና ድሮ አልቋል። ጓደኛህ ሲፋታ አይተሃል፣ ከሥራ ሲባረር አይተሃል፣ ሆስፒታል ከጎኑ አድረሃል። «ራሴን አሞኛል፣ ቁጭ እንበል» ለማለት የሚያሳፍር ነገር የለም። በቅሎ ላይ መቀመጥም አያሳፍርም። ሰሜን ተራሮች ላይ ጓዝ የሚጭኑ በቅሎዎችና ነጂዎቻቸው አብረው ይጓዛሉ፤ አንድ ተጨማሪ ባዶ በቅሎ ለድንገተኛ ማስከተል ብልህነት ነው። አባቶቻችን አገሩን ሁሉ በበቅሎ ዞረውት ማንም ሰነፍ አላላቸውም። ስለ ዱላም እንዲሁ። ቁልቁለት ላይ ከጉልበት ላይ ሸክም የሚቀንሰውን ነገር ወጣቶቹ በአሉሚኒየም ገዝተው ይመጣሉ፤ እኛ ከዘራችንን ይዘን እንወጣለን። የፓርኩ ስካውትም እረኛውም ዱላ አለው። ጋቢን ግን አልከራከርለትም፤ ደረቅ ሳለ ይሞቃል፣ ዝናብ የነካው ጥጥ ግን ተራራ ላይ ጠላት ነው።

የጓደኝነት ነገር ሌላም ገጽ አለው። ከተወሰነ ዕድሜ በኋላ የት ነው የምንገናኘው? ለቅሶ ቤት። በነጭ ድንኳን ሥር፣ የላስቲክ ወንበር ላይ፣ «ጠፋህ እኮ» እየተባባልን። በዓመት ሁለቴ ሠርግ ይጨመርበታል፤ እዚያ ደግሞ ሙዚቃው አያነጋግርም። ጓደኝነታችንን በሙሉ ለሞት ካስረከብን በኋላ ብቸኝነት ሲገድለን «እርጅና ነው» እንላለን። እርጅና ብቻህን ና ብለው የተማጸኑት አባቶች በሽታና ችጋርን ይዞ እንዳይመጣ ፈርተው ነበር፤ ጓደኛን አባሮ መምጣቱንም ማሰብ ነበረባቸው። ተራራ ሦስተኛ የመገናኛ ምክንያት ነው። ለመውጣት ሲታሰብ ከወራት በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ወይም የረር ላይ መለማመድ ይመጣል፣ ጉልበቱ የታመመው ይጠየቃል፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ማን ያዘጋጅ በሚለው ይጣላሉ። ጫፍ ባይደረስ እንኳ ይህ ሁሉ ሆኗል።

ጫፍ ስል ሌላኛው ተቃዋሚዬ ትዝ አለኝ። «ዕድሜ ቁጥር ነው!» ብሎ የሚያጨበጭበው። እሱ ከከልካዮቹ ብዙ አይሻለኝም፤ እነሱ ወንበር ላይ ሲያስቀምጡኝ እሱ ሰልፍ ላይ ያቆመኛል። ጃፓናዊው ዩይቺሮ ሚውራ ኤቨረስትን በ70፣ በ75፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ በ80 ዓመታቸው ወጥተዋል። ከእሳቸው ጋር ይፎካከሩ የነበሩት ኔፓላዊው ሚን ባሃዱር ሸርቻን በ76 ዓመታቸው ወጥተው ነበር፤ ክብረ ወሰኑን ለማስመለስ እ.ኤ.አ. በ2017 በ85 ዓመታቸው ተመልሰው ሄዱና ገና ከተራራው ግርጌ ካለው ሰፈር ሳይነሱ አረፉ። ሁለት አዛውንቶች ለዓለም ጣሪያ ሲሽቀዳደሙ ማየት ለእኔ አያስጨበጭብም። ወጣትነትን በሽበት መድገም ነው።

የሚውራ ትልቁ ጉዞ በእኔ ግምት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ፣ በ86 ዓመታቸው፣ የደቡብ አሜሪካን ከፍተኛ ተራራ አኮንካጓን ሊወጡ ተነሱ። 6,000 ሜትር አካባቢ ሲደርሱ አብሯቸው የነበረው ሐኪም ለልብዎ ያሰጋል አላቸው። ሰውየው ተቀብለው ተመለሱ፤ ልጃቸው ቀጥሎ ጫፍ ደረሰ። ከዚያ በኋላ አከርካሪያቸው ታመመና እንደ ልብ መራመድ ተሳናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 ነሐሴ መጨረሻ በ90 ዓመታቸው 3,776 ሜትር ከፍታ ያለውን ፉጂን ወጡ፤ ለተራራ በተሠራ ባለጎማ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ቤተሰብና ወዳጆች እየጎተቷቸው። ይህ ምን ዓይነት ክብረ ወሰን ነው? ምንም። ጓደኛ ያለው ሰው ተራራ ወጣ፤ በቃ። አሜሪካዊቷ ሁልዳ ክሩክስም ከዚህ ወገን ነበሩ። 4,400 ሜትር የሚያልፈውን የካሊፎርኒያውን ዊትኒ ተራራ መውጣት የጀመሩት በ66 ዓመታቸው ነው፤ እስከ 91 ዓመታቸው ድረስ 23 ጊዜ ወጡት። ዊትኒ ኤቨረስት አይደለም። የሚያውቁት ተራራ ነበር፤ ወደሚያውቁት ደጋግሞ መሄድን ማንም ዜና አያደርገውም፤ ከዜናው ይልቅ ልማዱ ነው የሚያስቀናኝ።

ጠንካራውን ተቃውሞ ሸሽቼ እንዳልወጣ፣ ልብን በተመለከተ። ተራራ ላይ ድንገተኛ የልብ ሞት አለ፤ ይበልጥ የሚያጠቃውም ጎልማሳና ሽማግሌ ወንዶችን ነው። ቀድሞ የልብ ድካም የደረሰበት፣ ደረቱን የሚያስጨንቀው፣ ግፊቱ ያልተገራ ሰው ሳይመረመር አይነሳም። የሳንባ ሕመም የጸናበትም እንዲሁ። አደጋው ግን በተለይ የሚበረታው ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ ከርሞ ድንገት ዳገት ላይ በሚጋልብ ሰው ላይ፣ ያውም በመጀመሪያው ቀን ነው። እንግዲህ አደጋውን የሚያሳድገው ማነው? ዓመቱን ሙሉ «አርፈው ይቀመጡ» ብሎ ያስቀመጠው ነው፣ ወይስ በየቅዳሜው እንጦጦ ያወጣው? ሐኪሞቻችን «ራስዎን አያድክሙ» ከማለት ይልቅ የምንወስደውን መድኃኒት አይተው፣ ውሃ የሚያስወጣው ኪኒን ተራራ ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ የልብ ምትን የሚያዘገየው ኪኒን ዳገት ላይ ምን እንደሚያሰማ ቢነግሩን ዋጋቸው እጥፍ በሆነ ነበር። «አይሂዱ» ለማለት የሰባት ዓመት ትምህርት አያስፈልግም፤ ጎረቤቴም ብላዋለች።

ሄሊኮፕተር ይመጣልኛል ብሎ ሰሜን ተራሮች የሚገባ የለም፤ ማውረጃው በቅሎና የሰው ትከሻ ነው። ስለዚህ የተራራ ምርጫ አለ። ራስ ደጀን ራሱ 4,533 ሜትር ቢሆንም የሚያደክመው ቁመቱ ብቻ አይደለም። ከቧሂት በስተጀርባ እስከ መሸሃ ወንዝ ድረስ የሚያወርደው ቁልቁለት ጉልበት ይጨርሳል፤ ከዚያ እንደገና ወደ አምቢኮ መውጣት፤ በማግስቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ፣ ጫፉ ላይ በእጅ ድንጋይ መቧጠጥ፣ በዚያው ቀን መመለስ። መመለሻው ከመውጫው ባልተናነሰ የሚከብድ ተራራ ነው። ቧሂት ግን 4,400 ሜትርን አልፎም ከጨነቅ ሰፈር በአንድ ቀን ተወጥቶ ይወረዳል፤ መንገድ ላይ ጅብራው አለ፣ ዕድል ከቀና ዋልያ አለ፣ ደከመኝ ያለ ሰው ዞር ብሎ ሰፈሩን ያያል። ሽማግሌ ሰው እንዲህ ያለውን መምረጡ ፍርሃት አይደለም፤ አራተኛው ከፍታ ነው ወይስ አንደኛው የሚለው ጥያቄ የተማሪ ፈተና ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ምክንያት ደግሞ ምርጫው የእኛ ብቻ አልሆነም። መንገዱ ሰላም ካልሆነ አይኬድም፤ የሃያ ዓመት ልጅም አይሄድም።

ለልጆቻችን የቀረኝ አንድ ነገር አለ። ፍርሃታችሁ ይገባናል፤ እኛም እናንተ ሞተር ሳይክል ስትገዙ፣ በረሃ አቋርጣችሁ ስትሰደዱ ፈርተን ነበር። ያኔ ያደረግነውን አድርጉ፦ ጫማውን ግዙ፣ የሞቀ ጃኬት ላኩ፣ ስልክ በሌለበት ስንት ቀን እንደምንቆይ ጠይቁና መዝግቡ። ከልክላችሁ ግን አባትና እናታችሁን ልጅ አታድርጓቸው። ከሜሪላንድ ሆኖ መከልከል ቀላል ነው፤ የተከለከለው ሰው ምሽቱን ከማን ጋር እንደሚያሳልፍ ከዚያ አይታይም።

እኛም በበኩላችን ያለ ውል አንነሳም። ከደባርቅ ከመነሳታችን በፊት የምንስማማበት ነገር አለ፦ ማንም ሰው በማንኛውም ሰዓት «እንመለስ» ሊል ይችላል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ከተመለስን በኋላም መጠጥ ቤትም ሆነ ለቅሶ ቤት ማንም አያነሳበትም። ብቻውን የሚመለስ ሰው የለም፤ ቢያንስ አንድ አብሮት ይወርዳል፣ አብሮት የወረደውም ውለታ አይቆጥርም። ከእኛው መካከል አንዱ ይህን ሲሰማ «እኔ ከጀመርኩ አልመለስም» አለ። ሰውየው ከሁላችንም ጠንካራ ነው፣ ዕድሜውም ከሁላችን ያንሳል። አዲስ አበባ ትተነው ሄድን፤ ስንመለስ ሥጋ ቤት ጠብቆን ሒሳቡን እሱ ከፈለ።